የእህቴን ዕጢ ተዉት አሉ፤ የእናቴን ግን በኬሞ እንጀምር አሉ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ውድ አማካሪያችን። 29 ዓመቴ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ አስተምራለሁ። እናቴ ደምበጫ አካባቢ ገጠር ነው የምትኖረው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤቱን የያዘው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ገበሬ ነው። ታናሽ እህቴ ደግሞ 21 ዓመቷ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች።

እናቴ 52 ዓመቷ ነው። ግራ ጡቷ ላይ እብጠት ይዛ ከዓመት በላይ ዝም ብላ ኖረች። ያወቅነው እህቴ ለፋሲካ መጥታ ገላዋን ስታጥባት ነው። ቆዳው ተጨማዶ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል። ወዲያው ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሪፈር ተጽፎልን ባሕር ዳር ሄድን፤ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ካንሰር ነው። ብብቷ ሥርም ተገኝቷል፤ ወደ ሌላ አካሏ ግን አልሄደም ብለውኛል። ሐኪሙ መጀመሪያ ኬሞቴራፒ፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ምናልባት ጨረር ነው አለኝ።

እህቴ በድንጋጤ የራሷን ስትዳብስ እሷም እብጠት አገኘች። አልትራሳውንድ ታየች፤ በመርፌም ናሙና ተወሰደላት። የሷ ፋይብሮአዴኖማ የሚባል፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው ተባለ። አንድ ኪኒን እንኳ አልሰጧትም። «ከስድስት ወር በኋላ ተመለሺ» ብለው ሸኟት።

አሁን ቤታችን ተከፋፍሏል። ወንድሜ «ልጅቱን በባዶ እጇ መለሷት፣ እናቴን ደግሞ መርዝ ሊሰጧት ነው። ሁለቱም እብጠት አይደለም ወይ? የግል ክሊኒክ ወስደን በአንድ ቀን አስወጥተን እንገላገል» ይላል። አክስቴ «ስለት ከነካው ይባስ ይሰራጫል፤ ጸበል ትግባ» ትላለች። እህቴ ሌሊት አትተኛም። የኔም ይውጣልኝ እያለች ታለቅሳለች።

እናቴ የያዛት ምን እንደሆነ አታውቅም። ወንድሜ «ከነገርሻት በዚያው ትቀራለች» ብሎ አስጠንቅቆኛል። እሷ ደግሞ የእህቴን ውጤት ስትሰማ ፊቷ ፈክቶ «የኔም እንደ ልጄ ነው አይደል? ታዲያ ባሕር ዳር ምን ያስኬደኛል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ቀጠሮዋ የፊታችን ሐሙስ ሳምንት ነው። ምን ልበላት? ማንንስ ልስማ?

ት. ከፍኖተ ሰላም

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ውጤቱን ብቻሽን ተቀብለሽ፣ ብቻሽን ተሸክመሽ፣ በዚያ ላይ ጠዋት ጠዋት ክፍል ገብተሽ ታስተምሪያለሽ። ይከብዳል። አንቺ ራስሽ አንድ ቀን ተቀምጠሽ አልቅሰሽ ይሆን? ካላለቀስሽ ጊዜ ስጪው።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። ቤታችሁ ውስጥ ያለው ጭቅጭቅ ሁሉ እናትሽ የጠየቀችው ላይ ነው የሚያርፈው። «የኔም እንደ ልጄ ነው አይደል?» መልሱ አይደለም ነው። ሁለቱም እብጠት ናቸው፣ አንድ በሽታ ግን አይደሉም። ሕክምናቸውም የተለያየው ለዚህ ነው። እህትሽን ችላ ብለው፣ በእናትሽ ጨክነው አይደለም።

ወንድምሽ ገበሬ ነውና በሚያውቀው ልሞክር። ማሳ መሃል ድንጋይ ቢኖር ድንጋዩ እዚያው ነው፤ ሥር አይሰድም። ማረሻውን ካላስቸገረ ዞሮት ያርሳል፤ ካስቸገረው ይፈነቅለዋል፣ በቃ። ሰርዶ ሲሆን ግን እንዲህ አይደለም። ከላይ ብትነቅዪው ከሥር ይሄዳል። ሰርዶ የያዘውን ማሳ በአንድ ቀን ነቅዬ ተገላገልኩ የሚል ገበሬ የለም። ደጋግሞ ያርሳል፣ ሥሩን ይለቅማል፣ ዓመቱን ሙሉ ይጠብቀዋል። የእህትሽ ድንጋዩ ነው፤ የእናትሽ ሰርዶው። ይህን ለወንድምሽ ንገሪው። ክፋት ይዞት አይደለም የሚቃወምሽ፤ ፈርቶ ነው።

ካንሰር ያልሆነ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ፣ ባለበት ቦታ ነው የሚያድገው። አጠገቡ ያለውን ይገፋል እንጂ ቦርቡሮ አይገባበትም። በደም ተጉዞም ሳንባ ወይም ጉበት ላይ አይበቅልም። ስለዚህ ሐኪሙ እንዲህ ያለውን ዕጢ ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ነገር ሰውየውን ምን እየጎዳው ነው? ካልጎዳው ይከታተለዋል። ከጎዳው ያወጣዋል፤ ከወጣም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያበቃል። ኬሞ አያስፈልገውም። የጎጃም ሰው ይህን ከእንቅርት ያውቀዋል። እንቅርት ይዘው ልጅ ድረው፣ የልጅ ልጅ ያዩ እናቶች በየሰፈሩ አሉ። ያው እንቅርት የአየር ቧንቧ ተጭኖ ትንፋሽ ሲያሳጥር ወይም መዋጥ ሲከለክል ግን መውጣት አለበት። የማኅፀን ማዮማም እንደዚሁ ነው፤ አንዷ መኖሩን ሳታውቅ ታረጃለች፣ ሌላዋ ደም እየፈሰሳት ለቀዶ ሕክምና ትገባለች። ጭንቅላት ውስጥ የሚበቅል ደግሞ ካንሰር ባይሆንም ቦታው ጠባብ ነውና ሊያሰጋ ይችላል።

እህትሽ ጋ ልምጣ፤ የሷ ጉዳይ ቀለል ያለው ነው። ፋይብሮአዴኖማ በሷ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታይ ነው። ሲነኩት ክብ፣ ላዩ ልሙጥ፣ ከጣት ሥር የሚሸሽ ዓይነት ነው። ወደ ካንሰር አይለወጥም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ እንዳሉ ይቆያሉ፣ አንዳንዶቹም በጊዜ ይከስማሉ። እሷ ደግሞ በእጅ ብቻ ታይታ አልተሸኘችም። በአልትራሳውንድ ታይታለች፣ ናሙናም ተወስዶላታል። «ከስድስት ወር በኋላ» ማለት አድጓል ወይስ እንዳለ ነው የሚለውን ማየት ነው፤ ያ ራሱ ሕክምናዋ ነው። ቀጠሮውን ስልኳ ላይ ትመዝግበው፤ ፈተና ቢደርስባትም እንዳታሳልፈው። ከዚያ በፊት ቶሎ ቶሎ ካደገባት፣ ቆዳው ከተለወጠ፣ ከጡቷ ጫፍ ደም ከወጣ ወይም ብብቷ ሥር ሌላ እብጠት ካገኘች ስድስት ወሩን አትጠብቅ።

«ይውጣልኝ» ማለቷንም ግን አትናቂው። ከእንቅልፍ እስኪከለክል ድረስ መጨነቅ ለሐኪም ሊነገር የሚገባው ነገር ነው። ዕጢው በጣም ካደገ፣ ካሳመማት ወይም ጭንቀቱ ሕይወቷን ከያዘው በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም በዚያው ቀን ቤት ያስገባል። ጠባሳ ይተዋል፣ ገንዘብም ይጠይቃል። እነዚህን መዝና የምትወስነው እሷ ናት። ግን አንድ ነገር ቀስ ብለሽ ጠይቂያት፤ የምታለቅሰው ለራሷ ነው ወይስ ለእናቷ? የእናቷን እብጠት መጀመሪያ ያየችው እሷ ነበረች። እኔ ለእናቷ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ከባዱ። ካንሰር ሲሆን የሐኪሙ ሐሳብ ይለወጣል፤ ምን ጎዳ ሳይሆን የት ደርሷል ነው የሚለው። ካንሰር በዙሪያው ወዳለው ሥጋ ይገባል። በብብት ሥር ወዳሉት ንፍፊቶች ያልፋል፣ ከዚያም በደም ወደ ሌላ አካል ሊሄድ ይችላል። በዓይን የሚታየውን ብቻ ማውጣት የማይበቃው ለዚህ ነው። ሰውነት ውስጥ የት እንዳለ የማይታይ ካለ እሱንም የሚደርስበት ነገር ያስፈልጋል። ኬሞ ያ ነው። በደም ሥር ይሰጣል፣ ደም በሚደርስበት ሁሉ ይደርሳል።

ለምን ከቀዶ ሕክምናው በፊት? የእናትሽ እብጠት ቆዳውን ስቦታል፣ ብብቷም ገብቷል። እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱን ማስቀደም የተለመደ አሠራር ነው። እብጠቱ ይቀንሳል፤ ሲቀንስ በንጹሕ ማውጣት ይቀላል። መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑንም ሐኪሙ በእጁ ዳብሶ ያውቃል። ስለዚህ ኬሞ መቅደሙ ተስፋ ቆርጠውባት አይደለም። ወደ ሌላ አካሏ አልሄደም ያሉሽን አስቢው። ሐኪሞቹ የተነሡት ሊያድኗት ነው፤ በጊዜዋ ከሄደች ዕድል አላት። እድናለች ብዬ ቃል ልገባልሽ ግን አልችልም፤ ማንም አይችልም።

ወንድምሽ መርዝ ያለው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ነገርን ነው የሚመታው። ካንሰር እንደዚያ ነው፤ ግን የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ ደም የሚሠራው መቅኔም እንደዚያ ናቸው። ፀጉሯ የሚረግፈው፣ የሚያቅለሸልሻት ለዚህ ነው። ፀጉሩ ሕክምናው ሲያልቅ ይመለሳል። ለማቅለሽለሹ መድኃኒት አለ፤ ስጡን በሉ፣ ትችለዋለች ብላችሁ ዝም አትበሉ። አንድ ነገር ግን ቤት ያለ ሰው ሁሉ ይወቀው፤ በሕክምናው መሃል ትኩሳት ከያዛት፣ 38 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። ነጭ የደም ሴሏ ስለሚቀንስ ትንሽ ኢንፌክሽን ይጥላታል። ያን ሌሊት ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል፣ ኬሞ ላይ መሆኗን እየተናገራችሁ። ቴርሞሜትር ከፋርማሲ ገዝተሽ እቤት አስቀምጪ።

መድኃኒቱ እንደ ዓይነቱ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ እየተሰጠ ወራት ይወስዳል። ከዚያ ቀዶ ሕክምናው ይመጣል። ጡቱ በሙሉ ወይም በከፊል ዙሪያው ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር ይወጣል፤ የብብቱ ንፍፊቶችም አብረው። ከዚያ ጨረሩ። ናሙናው ላይ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ፣ ማለትም ካንሰሩ በሴት ሆርሞን የሚያድግ መሆን አለመሆኑን የሚያሳየው፣ ተሠርቶ እንደሆነም ጠይቂ። ተቀባዩ ካለበት ታሞክሲፈን የሚባል ኪኒን በየቀኑ ለ5 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ልትወስድ ትችላለች፤ ካንሰሩ እንዳይመለስ በጣም ይረዳል።

አሁን የግል ክሊኒኩን ነገር ላንሣ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፤ አታድርጉት። እብጠቱን ብቻ ቆርጦ ማውጣት ለስብ ዕጢ ይሆናል። ለእናትሽ ግን ዳር ዳሩ ላይ ካንሰሩ ይቀራል፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም ሕክምና ያወሳስባል። ገንዘባችሁም ያልቃል፤ ኋላ ባሕር ዳር መመለሳችሁ ግን አይቀርም። ከዚህ ውጭም ይህን ያዢ፤ ከማንም ሰው ገላ ላይ የወጣ እብጠት ወደ ፓቶሎጂ ምርመራ ሳይላክ መጣል የለበትም። ምን እንደነበር የሚታወቀው እዚያ ነው።

የአክስትሽንም ስጋት እረዳዋለሁ። በየአገሩ የሚወራ ነው፤ ያለ ምክንያትም አልተወራም። ብዙ ሰው የሚሄደው በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ይከፈትና ተሰራጭቶ ይገኛል፤ ከጥቂት ወር በኋላ ሰውየው ሲሞት ስለቱ ገደለው ይባላል። የገደለው ግን የዘገየው ጊዜ ነው። በደንብ ታቅዶ፣ ሙያው ባለው ሰው የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ካንሰርን አያሰራጭም።

ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አታጣሉት። እናትሽ የምትጽናናበትን ነጥቀሽ በመድኃኒት ብቻ ኑሪ ልትያት አትችዪም፤ ልክም አይመስለኝም። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል። የንስሐ አባታችሁን ቀድመሽ አግኚያቸው። ነገሩን በግልጽ ንገሪያቸውና «ጸበሏንም ትጠመቅ፣ መድኃኒቷንም እንዳታቋርጥ እርስዎ ይንገሩልኝ» በያቸው። አክስትሽ ከአንቺ ይልቅ እሳቸውን ትሰማለች። የጾሙንም ነገር አንሺላቸው፤ ኬሞ ላይ ያለች ሴት እንቁላልና ወተት ያስፈልጋታል፣ እሳቸው ከፈቀዱላት ሳትሳቀቅ ትበላለች። ነጭ የደም ሴሏ በሚቀንስበት ሰሞን ጥሬ ውኃ መጠጣት ሊጎዳት ይችላልና ጸበሉን ስለመጠጣት ሐኪሙን ጠይቁ። ቅጠላ ቅጠል ግን እብጠቱ ላይ አይለጠፍ። የምትጠጣው ሐበሻ መድኃኒት ካለም አትደብቁት፤ ለሐኪሙ ይነገር።

እንግዲህ ለእናትሽ መንገር። በእኛ አገር ክፉ ወሬ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው። ወንድምሽም የሚታየው ያ ይመስለኛል። ይህ ግን መርዶ አይደለም። እናትሽ በሕይወት አለች፣ ሕክምናዋም ገና ሊጀመር ነው። ወራት የሚወስድ፣ ፀጉር የሚያረግፍ፣ ጡት የሚያስቆርጥ ሕክምና ሳታውቀው ልታልፈው አትችልም። አሁኑኑ እኮ «የኔም እንደ ልጄ ነው» ብላ ልትቀር ነው። ዝም ማለታችሁ ካላመማት ሰው ጋር አንድ አድርጓታል። ባሕር ዳር ስትደርስ ደግሞ ክፍሉን አይታ፣ አጠገቧ ካሉት ሰምታ ታውቀዋለች። ያኔ ከልጆቿ ሳይሆን ከማታውቀው ሰው ትሰማዋለች።

ፍኖተ ሰላም አንቺ ቤት ትምጣ፤ ወይም አንቺ ሂጂ፣ ሌላ ሰው በሌለበት ሰዓት። ቡና አፍልተሽ ተቀመጪ። መጀመሪያ የምታውቀውን አውጪ፦ «እማ፣ አንቺ ምን ይመስልሻል?» በያት። ከዓመት በላይ የደበቀችው ያለ ፍርሃት አይደለም፤ ከምታስቢው በላይ ታውቅ ይሆናል። ቀጥለሽ «ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ልንገርሽ ወይስ የሚደረገውን ብቻ?» ብለሽ ጠይቂያት። ሁሉን አልፈልግም ካለች መብቷ ነው፣ የሚደረገውን ብቻ ንገሪያት። እፈልጋለሁ ካለች እንዲህ ልትያት ትችያለሽ፦ «የልጅሽና ያንቺ አንድ አይደለም። ያንቺ ካንሰር ነው። ብብትሽ ሥር ደርሷል፣ ከዚያ ግን አላለፈም። መድኃኒት አለው፣ ረዥም ነው፣ እኔ አብሬሽ አለሁ።» ከዚያ ዝም በዪ። ታልቅስ፣ ትቆጣ፣ ትጸልይ፤ ቶሎ ለማጽናናት አትቸኩዪ። ካልቻልኩ ብለሽ ከፈራሽ ሐኪሙ ወይም ነርሷ እንዲነግሯት መጠየቅ ትችያለሽ፤ አንቺ እጇን ይዘሽ ትቀመጫለሽ። ወንድምሽ እንዳይቀየምሽ ቀድመሽ «ልነግራት ነው፣ አብረኸኝ ሁን» በዪው።

የጉዞውን ነገር በአጭሩ ልጨርስ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ደብተሯ መታደሱን እይ፣ የሪፈር ወረቀቱንም ያዢ። የትኛው መድኃኒት በመድኅኑ እንደሚሸፈን፣ የትኛውን ከውጭ እንደምትገዙ በመጀመሪያው ቀን ጠይቂ። መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል የክፍሉን ስልክ ተቀበዪና ቀጠሮ ቢያልፍ ምን እንደሚደረግ ቀድመሽ እወቂ፤ ሲቻል ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ገብታችሁ እደሩ። ጨረር በየሆስፒታሉ የለም። ለረዥም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የነበረው፤ አሁን እንደ ጅማ ያሉ ቢጨመሩም ወረፋው ረዥም ነው። ስለዚህ ሪፈሩ መቼ እንደሚጻፍላችሁ ከወዲሁ አንሺ። አዲስ አበባ መሄድ ከመጣ፣ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ አቅም የሌላቸውን ታካሚዎች በማረፊያ ይረዳል፤ እዚያ ጠይቂ።

ሐሙስ ዕለት ወንድምሽም አብሯችሁ ይሂድ። «ለምን ኬሞው ቀደመ?» የሚለውን እሱ ራሱ በአፉ ይጠይቅ፣ መልሱንም በጆሮው ይስማ። ከእናትሽ ጋር የምትነጋገሪው ግን ከዚያ በፊት፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ይሁን። መኪና ውስጥ ወይም ወረፋ ላይ ቆማ አትስማው።